ከተቀናሽ በኋላ

ዝቮንኮ ሊሞት ሲል መዝገቡን አወጣ፣
ሽፋኑ የነተበ፣ ጀርባው የተላጣ፤
«ገንዘብ የለበትም፣ ዕዳ ነው» አለና
ካልጋው ሥር ጎትቶ ጭኔ ላይ ጣለና
ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

እኔም በማግስቱ፣ በሃሚልተን ወደብ፣
ከብረት ፋብሪካው አጥር ተጠግቼ፣
አውቶብሴን አቁሜ፣ ሳንድዊቼን ትቼ፣
ገጽ አንድን ገለጥሁ።

በነሱ አቆጣጠር ሃምሳ ስድስት ላይ ነው፦
«ዛዳር እግር ኳስ ክለብ። አንድ ኳስ። መረብ የለም።
ለማልያ መንከሪያ ስድስት ፓኬት ቀለም።»
አሥራ አንድ ሰዎች፣ ከእቶን የወጡ፣
ቅንድባቸው ተቃጥሎ፣ ሳይተኙ የመጡ።
መረቡን ከሐይቁ፣ ከዓሣ አጥማጅ ተዋሱ፣
ቅዳሜ ወስደው እሑድ ማታ መለሱ፤
ጎል በገባ ቁጥር ከገመዱ ረግፎ
ቅርፊት ያብለጨልጫል በረኛው ላይ አርፎ።

ደሞዝ? አዎ፣ ደሞዝ። ግማሽ ደሞዝተኞች፣
ሙሉ ድካም ያላቸው የሌሊት ሠራተኞች።
«ለስቲፔ፦ ስምንት ዶላር።
ተቀናሽ፦ ለሰበረው መስኮት አንድ፣
ዳኛውን ለሰደበበት ሁለት፣
ለቢራ ሦስት።
የደረሰው፦ ሁለት።»
ከሥሩ፣ በሌላ እስክሪብቶ፦
«ሁለቱንም ለክለቡ መለሰ።»

ከዚያ ደብዳቤ መጣ፣ ከሊጉ ጽሕፈት ቤት፣
«የአገር ስም ይነሣ» የሚል ማኅተም ያለበት።
ሦስት ሌሊት ስብሰባ። ወንበር ተወረወረ።
ቃለ ጉባኤው ግን «ሐሳብ ተንሸራሸረ»
ብሎ በጨዋ ደንብ አለፈው።
«ዛዳር» ተሰረዘ፣ «ሃርበር» ተተካ፤
ቀለም ቀቢው አሮጌውን ሳይፍቅ ነበር ለካ፣
ዝናብ ሲመታው፣ ከነጩ ቀለም ሥር
ያቺ ጠማማ ፊደል፣ ዜድ፣
እስከ ዛሬ ብቅ ትላለች፣
እንዳልተጠራ ዘመድ።

የአድማው ዓመት ገጾች ሊያነቧቸው ያስፈራሉ፦
በደሞዙ ዓምድ ሰረዝ፣ ሰረዝ፣ ሰረዝ ይላሉ።
ፋብሪካው በር ላይ በርሜል ውስጥ እሳት ነድዶ፣
ቡድኑ እሑድ እሑድ ይጫወታል ሄዶ።
ዝቮንኮ (ይህን መዝገቡ አይናገርም፣ ሚስቱ ነገረችኝ)
ፖስታዎቹን አሽጎ፣ ስም ጽፎ ባንድ ባንዱ፣
ልጆቻቸው እያዩ ሰጣቸው፤
ውስጣቸው ባዶ ነበር፤ አባቶች ግን
ደረት ኪሳቸው ከትተው
መታ መታ አድርገው ሄዱ።
በዚያ ዓመት ዘጠኝ ጨዋታ ተሸነፍን። ወረድን።

(«ተሸነፍን» እላለሁ። ያኔ አልተወለድኩም።)

ከብዙ ዓመት በኋላ ከጠላት ጋር ተዋሐዱ፤
የአዞረስ ሰዎች ናቸው፣ በዱላ የተዋወቁ በሜዳው፣
ቤልሚሮ አርባ ወንበርና አንድ ፍሪዘር ይዞ
ሠርግ እንዳመጣች ሙሽራ መጣ ጓዙን ጭኖ።
ቀጥሎ ስሞቹ ተቀላቀሉ፦ ከኪንሻሳ፣ ከሞቃዲሾ፣
ከየት እንደሆነ ያልተጻፈለት አንድ ግራ እግረኛ።
ቀጥሎ እኔ፦ «ሹፌር፣ የነዳጅ ብቻ።»
ዘውገ የሚለውን ስሜን በሦስት ዓይነት ጽፎታል፤
ሦስቱንም አይደለሁም፣
ለሦስቱም ግን ተከፍሎኛል።

ዕዳው የቱ ነው ታዲያ? ገጽ በገጽ ፈለግሁ።
የሜዳው ኪራይ ተከፍሏል። የማልያው ተከፍሏል።
የሐኪሙን ቤልሚሮ ከኪሱ ሸፍኗል።
ከታች፣ በየዓመቱ መዝጊያ፣ አንዲት ቀጭን መስመር፣
በስድሳ ዓመት ውስጥ አንዴም ያልተዘለለች፦
«ለመረብ ኪራይ፣ ለዓሣ አጥማጁ፣ አራት ዶላር። የዞረ።»
«የዞረ።» «የዞረ።»
ሰውየው ከሞተ ሠላሳ ዓመት ይሆነዋል፤
ጀልባውም አንድ ምግብ ቤት ደጅ
የአበባ መትከያ ሆኗል።

ትናንት ሦስት ለአንድ ተሸንፈናል።
ለኤሜሪ፣ ለበረኛው፣ ሃያ አምስት ጻፍሁ፤
ተቀናሽ፦ የጓንት፣ አሥር።
ባንክ ያለን አርባ አንድ ዶላር ነው።
አራቱን መክፈል እችል ነበር ላንድ የልጅ ልጅ፣
አድራሻውን ጠይቄ፤
እስክሪብቶዬ ግን ተቃረበና ቆመ።
አንዲት ሴት የአውቶብሱን በር በቁልፏ አንኳኳች፣
ሰዓቴን አየሁ፣ አሳልፌያለሁ፣
በችኮላ፣ በሚንቀጠቀጥ የእጅ ጽሑፍ፣
«የዞረ» ብዬ ጻፍሁና
በሩን ከፈትሁላት።